ከሱጁድ ስትነሣ የምትወድቀው እናታችን



ይህን ጽሑፍ የምንልክላችሁ የአንድ እናት ልጆች የሆንን አራት ሰዎች ነን። ሁለታችን ድሬዳዋ፣ አንዳችን አዲስ አበባ፣ አንዳችን ጅቡቲ ስለምንኖር ነገሩን በስልክ እየተቀባበልን፣ አንዳንዱንም እየተከራከርንበት ነው የጻፍነው። ባለ ጉዳይዋ እናታችንም ተነቦላት «ይሁን፣ ስሜን ብቻ አታንሡ» ብላ ፈቅዳለች።

የነገሩ መነሻ የ2008 ዓ.ም. ረመዳን ነው። ያ ረመዳን ከሞላ ጎደል በሰኔ ወር የዋለ ነበር። የድሬን የሰኔ ሙቀት ለሚያውቅ ብዙ ማብራራት አያሻም፤ ውሃ ሳይቀምሱ አሸዋ ገበያ ሽርጥና ድሪያ ሲሸጡ መዋል ቀላል አይደለም። እናታችን ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አንድ ማታ ቤት ውስጥ ተራዊሕ እየሰገደች ሳለ ከሱጁድ ቀና ስትል ተዝለፍልፋ ወደቀች። ፊቷ ላይ ውሃ አፈሰስንባት፣ ወዲያው ነቃች። «ሙቀትና ጾም ነው» አልን። እሷም እንዲያ አለች። ማንኛውም ቤተሰብ ይህንኑ ይል ነበር ብለን ዛሬም እናምናለን።

ይሁን እንጂ ጾሙ ወጣ፣ ሙቀቱም በረደ፤ መውደቁ ግን አልቀረም። በወር አንዴ፣ አንዳንዴም በሳምንት ሁለቴ። ሁልጊዜ የሚሆነው ደግሞ አጎንብሳ ስትነሣ ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር፤ መገጣጠሚያዋን ያማታል፤ ማታ ማታ ትኩስ ይላታል፤ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፉባት። «አንድ ነገር እዚህ ውስጥ እንደ በር ይዘጋብኛል» እያለች ደረቷን ታሳየን ነበር። ይህን ቃሏን ልብ ብሎ የሰማ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

የሰፈር ሴቶች በሽታውን ቶሎ ስም አወጡለት። በሶላት ላይ ብቻ የሚጥላት ከሆነ ሶላት የሚጠላ ጅን ነው አሉ። ሩቅያ የሚያደርግላት ሰው አመጣን። ቂርኣቱ መንፈሷን አሳርፎላታል፣ ይህን አንክድም። የእኛ ጥፋት በምርመራ ፋንታ ማድረጋችን ነው።

ቀጥሎ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። እዚያ ደረቷን በማዳመጫ ካዳመጡ በኋላ «ከልጅነት ሪህ የመጣ የልብ በር ጥበት ነው» ተባልን። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ፣ በየቀኑ ደግሞ የሚያሸና ክኒን ታዘዘላት። ሃያ ወር ያህል ያንን መርፌ ስትወጋ ኖረች። በዚህ ላይ ፍርዳችን እንዲህ ነው፦ ግምቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በአገራችን ወጣቶችንና ጎልማሶችን ከሚያጠቁት የልብ ሕመሞች ዋነኛው በልጅነት በጉሮሮ ቁስል ጀምሮ የልብ በሮችን የሚያበላሸው የሩማቲክ በሽታ ነው። እናታችን የነበራት ሕመም ደግሞ በማዳመጫ ሲሰማ ቁርጥ እሱን ይመስላል። ነገር ግን የልብ አልትራሳውንድ ያዘዘልን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። መርፌው ካልረዳት ለምን ብለን ሳንጠይቅ ሃያ ወር አለፈ።

በየካቲት 2010 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ሆጃ ቀድታ ስትጠጣ ስኒው ከቀኝ እጇ ወደቀ። ዝም ብላ አየችው። ታናሻችን «እማ፣ ምን ሆንሽ?» ስትላት የመለሰችው ቃል አይደለም፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጎትቷል። በባጃጅ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል በረርን። እስከ ዙሁር ድረስ ንግግሯ ተመለሰ፣ እጇም ተንቀሳቀሰ። ወደ ቤት ልንወስዳት ስንሰናዳ ግን አንዲት ወጣት ሐኪም አላስወጣችንም። «ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች? መቼ መቼ? ስትቀመጥ ነው ስትነሣ?» ብላ ጠየቀችን። በሁለት ዓመት ውስጥ «መቼ ነው የምትወድቀው» ብሎ የጠየቀን የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች።

በማግስቱ የልብ አልትራሳውንድ ተነሣች። ክፍሉ ጨለማ ነው። ማሳያው ላይ የልቧ ክፍሎች ሲከፈቱና ሲዘጉ ይታያሉ፤ በመካከሉ አንድ የቴምር ፍሬ የሚመስል፣ ግን ከቴምር የሚተልቅ ነገር ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ልቧ በመታ ቁጥር በሩ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶም ይወጣል። ባለሙያው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «የልቧ በር ደህና ነው። በሩ ላይ የቆመ እንግዳ ነው ያለው» አለን። ርዝመቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ነበር።

እንግዲህ ያ እንግዳ ሚክሶማ የሚባል ዕጢ ነው። ሐኪሞች እንዳስረዱን ከልብ ከራሱ የሚነሣ ዕጢ እጅግ ብርቅ ነው፤ በአስከሬን ምርመራ ከአሥር ሺህ ሰው በሁለት ሰው ያህል ላይ ቢገኝ ነው። ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ ወደ ልብ የሚዛመት ካንሰር ከዚህ ከሃያ እስከ አርባ ጊዜ እጥፍ ይበዛል። ከልብ ከሚነሡት ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ካንሰር ያልሆኑ ናቸው፤ በአዋቂዎች ላይ ከእነዚህ ዋነኛው ሚክሶማ ነው። ከወንድ ይልቅ ሴትን ያጠቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሠላሳ እስከ ስድሳ ዓመት ባለው ዕድሜ ይታያል። ከአራት ሦስቱ የሚበቅለው በግራው የላይኛ ክፍል፣ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ከሚለየው ግድግዳ ላይ በቀጭን ግንድ ተንጠልጥሎ ነው። ከሳንባ የመጣው ንጹሕ ደም ወደ ታችኛው ክፍል የሚወርድበት በር ደግሞ እዚያው ሥር አለ። እናታችን በሱጁድ ሳለች ዕጢው ከበሩ ይርቃል፤ ቀና ስትል ተመልሶ በሩ ላይ ይወድቃል፤ ለጥቂት ሴኮንድ ደም ወደ አንጎሏ አይደርስም። «እንደ በር ይዘጋብኛል» ያለችው ምሳሌ አልነበረም፤ የሆነውን ነው የነገረችን።

ሰውነቱም ልፍስፍስና በቀላሉ የሚፈረፈር ነው። ቁራጩ ተፈርፍሮ በደም ሲሄድ አንጎል ውስጥ ገብቶ የደም ሥር ይዘጋል። ከሚክሶማ ሕሙማን የሢሶው ያህል በዚህ ዓይነት አደጋ ይደርስባቸዋል። የስኒው መውደቅ ይኸው ነበር። ትኩሳቱን፣ ክሳቱንና የመገጣጠሚያ ሕመሙን ያመጣው ዕጢው ወደ ደም የሚረጨው ንጥረ ነገር እንደሆነም ያኔ ተረዳን። መድኃኒት አለው ወይ ብለን ጠየቅን። የሚያሟሟው ክኒንም መርፌም የለም፤ ልብ ተከፍቶ መውጣት አለበት፤ መቆየትም የለበትም ተባልን።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንጽፍ እናፍራለን። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተጨቃጨቅን። ትልቁ ወንድማችን ሕንድ ካልሄደች አለ። የጅቡቲዋ እኅታችን እስከዚያ ድረስ ገንዘብ እናሰባስብ አለች። አጎታችን ከሁላችንም ባሰ፤ ግቢያችን መካከል ቆሞ «ልቧን ቆርጠው ኢማኗ የት ሊቀመጥ ነው? በሞቷ ትሙት፣ ተዉአት!» እያለ ጮኸ። አልሳቅንበትም፤ ሌሎቻችንም በውስጣችን ፈርተን ነበርና። የሰፈራችን ሸኽ ተጠርተው መጡ፣ ቡና ተፈላ፣ ሁሉንም ሰሙ። በመጨረሻ «ኢማን የሚቀመጥበት ልብ ቢላዋ የማይደርስበት ነው። ይህኛውን ሥጋ አሳክሙት» ብለው ተነሡ። አጎታችን ዝም አለ፤ በማግስቱ ግን አንድ በሬውን ሸጦ ገንዘቡን አመጣ።

በነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ አንድ ሰው ያልተጠየቀ ነበር፤ እሱም እናታችን። አንድ ማታ ከመኝታዋ ተነሥታ መጣችና «አቦ፣ የማነው ልብ? ሕንድ ቪዛ እስክታገኙ ያ ነገር ይጠብቀኛል? አዲስ አበባ ውሰዱኝ» አለች። ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። ወርቋን ራሷ አወጣች።

በዚያን ሰሞን የመኪናው መንገድ እየተዘጋ እየተከፈተ አስተማማኝ ስላልነበር፣ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ወራት ብቻ በሆነው በአዲሱ ባቡር ሄድን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። እናታችን በከዚራ ስናልፍ የድሮውን ጣቢያ እያየች «ያኛው እቤቴ በር ላይ ነበር» ብላ ቅር አላት። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን አዲስ አበባ የዚያን እጥፍ ያህል ከፍ ትላለች፤ ባቡሩ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ትንፋሿ እያጠረ ሲሄድ ከወንበሯ እንዳትነሣ ተራ በተራ እጇን ይዘን ተቀመጥን።

በአገራችን ልብ የሚከፈትበት ቦታ ያለው በብዙ ሰው ድካም ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራቸው ሕፃናቱን ወደ ውጭ አገር ልኮ ማሳከም ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ከውጭ በሚመጡ ቡድኖች ነበር፤ በኋላ የአገር ልጆች ሠልጥነው ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። እናታችን በታከመችበት ቦታ ያነጋገረን ቀዶ ሐኪምም የአገር ልጅ ነው። «እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?» ሲላት «አንቺ በለኝ፤ አንቱ ስትለኝ ልቤ ያረጃል» አለችው። የድሬ ሰው አንቱታ እንደማይወድ የሰማ አይመስለንም፤ ግን ሳቀ።

አደጋውንም ሳይሸሽግ ነገረን። ልምድ ባላቸው ቦታዎች በዚህ ቀዶ ሕክምና የሚሞተው ከመቶ ሰው ሦስት ወይም ከዚያ በታች ነው። እሷ በቅርቡ የአንጎል አደጋ ስለ ደረሰባት ትንሽ ያሰጋል። ባይሠራላት ግን ቀኑን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ደም የሚሰጥ ሰው አምጡ ተባልን፤ መርካቶ የሚሠሩ የሰፈራችን ልጆች ሥራቸውን ትተው መጡ፤ ክንዳቸውን ጠቅልለው ተሰለፉ።

በመጋቢት ማብቂያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱብሒን በአልጋዋ ላይ በምልክት ሰገደች፤ ወሰዷት። የሚሆነውን አስቀድመው ነግረውናል። የደረቷ አጥንት መካከል ለመካከል ይሰነጠቃል። ደሟ በቱቦ ወጥቶ ወደ አንድ ማሽን ይገባል፤ ማሽኑ የልብንና የሳንባን ሥራ ተረክቦ ኦክስጅን እያቀበለ ወደ ሰውነቷ ይመልሰዋል። ከዚያ ፖታሲየም ያለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ወደ ልቧ ይሰደዳል፤ ልቧ ይቆማል። የላይኛው ክፍል ተከፍቶ ዕጢው ሳይጨመቅ፣ ሳይፈረፈር፣ ከነግንዱና ከበቀለበት ግድግዳ ዙሪያውን ጨምሮ ተቆርጦ ይወጣል። ሥሩ ከቀረ ሊመለስ ይችላልና። የተቆረጠው ቀዳዳ ከልቧ ሽፋን በተወሰደ ቁራጭ ይጠገናል። እናታችን ልቧ ቆሞ የቆየችው ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነው።

እኛ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ተስቢሕ ስንቆጥር፣ ትልቁ ወንድማችን ጭንቀቱን የሚያበርደው በማንበብ ስለሆነ በስልኩ ያገኘውን ያነብልን ነበር። ልብ ውስጥ ዕጢ አይተው ከጻፉት ሰዎች ቀዳሚ የሚባለው የኢጣልያው ሐኪም ሪያልዶ ኮሎምቦ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1559። ይኸው ሰው ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ በመጻፉ ይታወቃል። ታናሻችን አላስጨረሰችውም፦ ያንንማ የደማስቆው ኢብን አን-ነፊስ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጽፎት ነበር አለች። እውነቷን ነው። ሆኖም ከኮሎምቦ በኋላ ለአራት መቶ ዓመት ያህል የልብ ዕጢ በአስከሬን ላይ የሚታይ እንጂ የሚታከም ነገር አልነበረም። በ1953 አሜሪካዊው ጆን ጊበን የልብና የሳንባ ማሽንን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንዲት ወጣት ላይ በስኬት ተጠቀመበት። በዚያው ዓመት በስዊድን ኢንገ ኤድለርና ካርል ኸርትስ ልብን በአልትራሳውንድ ማየት ጀመሩ። በሐምሌ 1954 ደግሞ ስቶክሆልም ላይ ክላረንስ ክራፎርድ በማሽን እየታገዘ ሚክሶማን ከሕያው ሰው ልብ በስኬት ለማውጣት የበቃ የመጀመሪያው ሐኪም ሆነ። አጎታችን ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ «የኛ እናት በዚያ ዘመን ብትሆን ኖሮ?» አለ። የመለሰለት የለም።

ከዙሁር በኋላ ሐኪሙ ወጣ። በአንድ ብልቃጥ ውስጥ አሳየን፤ እንደ ረጋ ጄሎ የሚንቀጠቀጥ፣ ግራጫ፣ ደም የነካው ነገር። ያን ያህል ትንሽ መሆኑ አስቆጣን።

ሌላ ፍርሃት ደግሞ ነበረን። ዕጢው ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ሐኪሙ ሚክሶማ እንደሚመስለው ነግሮናል፤ ነገር ግን ሳርኮማ የሚባለው የልብ ካንሰር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ቢቆረጥም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ብዙዎቹ ሕሙማን አንድ ዓመት እንኳ አይሞሉም። አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ልቧ ያለ ሥርዓት ይመታ ጀመር፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና በኋላ የተለመደ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት፣ ተስተካከለ። በአሥራ አንደኛው ቀን ወረቀቱ መጣ፤ ሚክሶማ፣ ካንሰር ያልሆነ። አልሐምዱሊላህ። አጎታችን ኮሪደሩ ላይ ሱጁደ ሹክር ወረደ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ያየናቸው ልጆች ግን ከኅሊናችን አይጠፉም። አብዛኞቹ በሩማቲክ የልብ በራቸው የተበላሸ ናቸው፤ ለወረፋው ዓመታት የጠበቁ አሉ፤ በውጭ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ይጠብቃሉ። የብረት በር የሚገባላቸው ደም የሚያቀጥን ክኒን ዕድሜ ልካቸውን መዋጥ አለባቸው። እናታችን ግን ዕጢዋ ወጥቶ አለቀ። ከአጠገቧ የተኛችውን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጸጉር እየጎነጎነች «እኔ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ቀደምኳት» ብላ ስታለቅስ አገኘናት።

ከመውጣታችን በፊት ሐኪሙ አራታችንንም አሰልፎ ከንፈራችንንና ቆዳችንን አየ። ከመቶ አሥር በማይሞሉት ላይ ሚክሶማ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ እንዲህ ያሉት ሰዎች ከንፈርና ፊት ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል፤ ዕጢውም ከተነቀለ በኋላ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ታናሻችን ከንፈሯ ላይ አንዲት ነጥብ ስላለች ሌሊቱን አልተኛችም። በማግስቱ አልትራሳውንድ ተነሣች፤ ንጹሕ ነው። እንደ እናታችን ብቻውን በሚመጣው ግን የሚመለሰው ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት ሰው ላይ ነው፤ የሚመለስም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ትታያለች። እስከ አሁን የተነሣችው ሁሉ ንጹሕ ነው። የቀኝ እጇ ጣቶች ብቻ ገንዘብ ስትቆጥር ትንሽ ይዘገያሉ፤ ደንበኞቿ አሳስተሽ ቆጠርሽ ሲሏት ያበሳጫታል። ያቺ መዘግየት የአሥራ ዘጠኙ ቀን ትሁን የሃያው ወር እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

ወደ ድሬ የተመለስነው በሚያዝያ ነው። የደረት አጥንት እስኪገጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ ዕቃ ማንሣት፣ በእጅ ተደግፎ መነሣት ክልክል ነው። ስለዚህ ወንበር ላይ ሆና ትሰግድ ነበር። በግንቦት ረመዳን ገባ። ሐኪሙ በዚህ ዓመት አትጹሚ ብሏታልና ቀን እየበላች አኮረፈችን፤ ያለፋትን በሚቀጥለው ዓመት ቀዳ አውጥታለች።

በረመዳን ሦስተኛው ሳምንት፣ ከዒሻ በኋላ፣ ወንበሩን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋችው። መስገጃዋን አነጠፈች። እኛ በሩ ላይ ተደርድረን ቆምን፤ አጎታችን እንኳ የያዘውን ሳምቡሳ ሳያኝክ ቆመ። ሩኩዕ አደረገች፣ ቀና አለች። ሱጁድ ወረደች። ረጅም ነበር፤ ታናሻችን ልትገባ ስትል በክንዷ ያዝናት። ከዚያም ቀና አለች፣ ተቀመጠች፣ ደግማ ወረደች፣ ተነሥታ ቆመች። አራቱንም ረከዓ ጨርሳ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አሰላመተችና እኛን አየችን።

«ምን ታፈጣላችሁ? ሻይ አፍሉ» አለች።